መብራት በጠፋበት ማብሪያውን የሚጫን እጅ

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 36 ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የራይድ ሾፌር ነኝ። በአንድ የግል ኮሌጅ በማታው ክፍለ ጊዜ አካውንቲንግ ተምሬ ጨርሻለሁ። የመውጫ ፈተናውን ግን ሁለቴ ወደቅኩ። መጀመሪያ 38፣ ቀጥሎ 45 አመጣሁ። ማለፊያው 50 ነው።

ችግሬ ከልጅነቴ የመጣ ነው። ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ የሒሳብ መምህራችን የፈተና ወረቀቴን ከፍ አድርጎ ለክፍሉ አሳየና «ይሄ ጭንቅላት አይደለም፣ ድንጋይ ነው» አለ። ልጆቹ ሳቁ። እስከ ዛሬ መጽሐፍ ስከፍት ያ ድምፅ ይመጣብኛል። ማታ ከሥራ ገብቼ ሞጁሉን እከፍታለሁ። አንድ ገጽ ሳልጨርስ ስልኩ እጄ ላይ ነው። ቲክቶክ ሳይ እኩለ ሌሊት ይሆናል። ልጄ ሦስተኛ ክፍል ናት። የሒሳብ የቤት ሥራ ይዛ ስትመጣ «እናትሽን ጠይቂ» እላታለሁ።

በቅርቡ በቴሌግራም «ድብቁን አእምሮ በ21 ቀን እንደገና ማሠልጠን» የሚል ኮርስ ገዛሁ። 3,500 ብር ከፈልኩ። ነዳጅ፣ ኮሚሽንና የመኪና እርጅና ሲቀነስ የሦስት ቀን የተጣራ ገቢዬ ነው። ጠዋት መስታወት ፊት ቆሜ «እኔ ጎበዝ ነኝ፣ ሁሉን አልፋለሁ» እላለሁ። ማታ የኮርሱን ድምፅ በጆሮ ማዳመጫ እየሰማሁ እተኛለሁ። በ14ኛው ቀን መስታወቱ ውስጥ ያለው ሰውዬ ውሸታም መሰለኝ። ተውኩት። ለመሆኑ የእኔ አእምሮ ይቀየራል? ወይስ ጊዜው አልፎበታል?

ስሜ ይቆይ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦

ወንድሜ፣ በዕድሜ ታላቅህ ሳልሆን አልቀርም፤ «አንተ» ብልህ ቅር አይበልህ።

ደብዳቤህን ሁለቴ አነበብኩት። ሁለተኛውን ጊዜ እስክርቢቶ ይዤ ነው። ሁለት ቦታ ላይ አሰመርኩ።

አንደኛው «መጀመሪያ 38፣ ቀጥሎ 45» የሚለው ነው። ሰባት ነጥብ ጨምረሃል። ቀኑን ሙሉ መሪ ይዘህ ውለህ፣ ማታ ከስልክህ ጋር እየታገልክ፣ ሰባት ነጥብ። ለማለፍ የቀረህ አምስት ነው። አንተ ግን የጻፍከው «ሁለቴ ወደቅኩ» ብለህ ነው። ስለ ጭማሪው አንዲት ቃል የለችም። ቁጥሩን በገዛ እጅህ ጽፈህ አላየኸውም።

ሁለተኛው «ነዳጅ፣ ኮሚሽንና የመኪና እርጅና ሲቀነስ» ያልከው ነው። እስቲ ንገረኝ፤ ከሾፌር ጓደኞችህ መካከል ስለ ገቢው ሲያወራ እርጅና የሚቀንስ ስንቱ ነው? አብዛኛው ነዳጁን ቀንሶ የተረፈውን ትርፍ ይለዋል። መኪናው በየቀኑ እያለቀ መሆኑን የሚያስታውሰው ጋራዥ ሲገባ ነው። አንተ ስለ ሌላ ጉዳይ እያማረርክ፣ ሳታስበው እንደ ሒሳብ ባለሙያ አሰላህ። «ሳታስበው» የምትለዋን ቃል ያዝልኝ፤ እመለስባታለሁ።

መጀመሪያ «ድንጋይ» የምትለውን እናንሳ። እንደ ዕድል ሆኖ በአንተው ሙያ ላይ የተሠራ ጥናት አለ። የለንደንን ጥቁር ታክሲ ለመንዳት መንጃ ፈቃድ ብቻ አይበቃም። በመሀል ከተማዋ ዙሪያ ያሉ 25,000 ያህል መንገዶችን በቃል መያዝ ያስፈልጋል። ፈታኙ መነሻና መድረሻ ይጠራልሃል። አንተ የትኛው ጋ ታጥፈህ በየት እንደምታልፍ ካርታ ሳታይ ትናገራለህ። ብዙውን ጊዜ ሦስት፣ አራት ዓመት ይፈጃል። ኤሊኖር ማጉዋየር የተባለች የአንጎል ተመራማሪ እነዚህን ሾፌሮች በኤምአርአይ መርምራ እ.ኤ.አ. በ2000 (ከዚህ በታች የምጠራቸው ዓመቶችም እ.ኤ.አ. ናቸው) ውጤቱን አሳተመች። ሂፖካምፐስ የሚባለው፣ ቦታንና ትዝታን የሚመለከተው የአንጎል ክፍል፣ የኋላኛው ጫፉ ሾፌር ካልሆኑት ሰዎች ገዝፎ ተገኘ። በሥራው ብዙ ዓመት የቆዩት ላይ ልዩነቱ የበለጠ ጎላ።

ያኔ ታዲያ «ሲፈጠሩ እንዲያ ሆነው ይሆናል ሥራውን የመረጡት» የሚል ሰው መነሳቱ አይቀርም። ጥያቄው ተገቢ ነው። ማጉዋየርና ባልደረባዋ ካትሪን ዉሌት ሥልጠናውን ገና የሚጀምሩ 79 ሰዎችን ይዘው ለዓመታት ተከታተሉ። ውጤቱ የወጣው በ2011 ነው። ሲጀምሩ አንጎላቸው ከሌላው ሰው አይለይም ነበር። በመጨረሻ 39ኙ ፈቃዱን አገኙ። ለውጡ የታየው በእነሱ ላይ ነው፤ በወደቁት ላይ አልታየም። ዋጋም ነበረው። ከመንገድ ውጪ ያሉ አንዳንድ አዳዲስ ነገሮችን በማስታወስ ያለፉት ሾፌሮች ከሌላው ሰው አነስ ያለ ውጤት አመጡ። አንጎልም እንደ ሱቅ ነው፤ መደርደሪያው ላይ ቦታ የሚለቀቀው ለሚሸጠው ዕቃ ነው።

ልብ በል፤ ሁሉም ጎልማሶች ነበሩ። ስለዚህ «ጊዜው አልፎበታል ወይ?» ላልከው መልሴ አላለፈበትም ነው። ይህ ግን ፈተናውን ታልፋለህ ማለት አይደለም። እዚያ ሥልጠና ውስጥ ገብተው የወደቁም አሉ።

አሁን ወደ ድብቁ አእምሮ እንምጣ። ቃሉ ትልቅ ስለሆነ ምትሃት ያስመስለዋል። እኔ ሁልጊዜ የሚታየኝ ሌላ ነገር ነው። ሰፈር ውስጥ መብራት ጠፍቷል። እንደጠፋ ታውቃለህ። ደረጃውን የወጣኸው በስልክህ ባትሪ ነው። በሩን ከፍተህ ስትገባ እጅህ ምን ያደርጋል? ማብሪያውን ቀጭ ያደርጋል። ከዚያ ብቻህን ትስቃለህ። እኔ ቤት ከቀየርኩ በኋላ ሁለት ወር ሙሉ እጄ የድሮው ቤት ማብሪያ የነበረበትን አቅጣጫ፣ ባዶውን ግድግዳ ሲዳብስ ነበር። አእምሮዬ ቤት መቀየሬን ያውቃል። እጄ አልተነገረውም።

ምትሃት የለውም፤ አንጎል ጉልበቱን የሚቆጥብበት ሥርዓት ነው። ደጋግመን የምናደርገውን ነገር አንጎል ጠቅልሎ ቤዛል ጋንግሊያ ለሚባለው ጥልቅ ክፍል ያስረክበዋል። አንተ መንዳት ስትማር ፍሪሲዮንና ነዳጁን ለማስማማት አልበህ ነበር። ዛሬ ከቦሌ እስከ ቤትህ ትነዳለህ፣ ስለ ሌላ ነገር እያሰብክ። ቅድም «ሳታስበው» ያልኩህ ይህን ነው፤ እርጅናውንም ያሰላኸው እንዲሁ ነው። በአሜሪካው ኤምአይቲ አን ግሬይቢል የምትባል ሳይንቲስት ይህን በአይጦች ላይ አይታዋለች። አይጦቹ ድምፅ ሰምተው ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ታጥፈው ሽልማታቸውን እንዲያገኙ ሠለጠኑ። መጀመሪያ ላይ የዚህ ክፍል ሴሎች በመንገዱ ሙሉ ይንጫጩ ነበር። ልማድ ሲሆን ጩኸቱ ሲነሱና ሲደርሱ ብቻ ሆነ። መሀሉ በጥቅሉ ተነዳ። ከዚያ ሽልማቱ ሲቋረጥ ልማዱ ቀስ በቀስ ከሰመ። ሽልማቱ ሲመለስ ግን አሮጌው ልማድ ወዲያው ብቅ አለ። አልጠፋም፤ አድፍጦ ነበር።

ይህ የመጨረሻው ነገር ለአንተ ከሁሉም በላይ ይጠቅማል። ድሮ የተሠራው መንገድ አይፋቅም። «ድብቁን አእምሮ እናጸዳለን» የሚል ሰው ካጋጠመህ ከዚህ በኋላ ኪስህን ጠብቅ። የሚቻለው ሌላ መንገድ መሥራት ነው። አዲሱ መንገድ ሲደላደል መኪናው በዚያ በኩል ማለፍ ይጀምራል። አሮጌው ሣር ይበቅልበታል እንጂ እዚያው ነው።

እስቲ አሁን የአንተን ማታ አብረን እንየው። የተሳሳትክ የሚመስለኝ እዚህ ጋ ነው። ሁለት ችግር እንዳለብህ አድርገህ ጽፈሃል። አንዱ እምነት ነው፤ «ድንጋይ ነኝ»። ሌላው ልማድ ነው፤ ስልኩ። እኔ የማየው አንድ ችግር ነው።

ሞጁሉን ትከፍታለህ። አንድ ያልገባህ ዓረፍተ ነገር ይመጣል። ያልገባው ሰው ሁሉ የሚሰማው ትንሽ ጭንቀት ይሰማሃል። ለሌላው ሰው ይህ «ደግሜ ላንብበው» ማለት ነው። ለአንተ ግን ሆድህ ውስጥ ሰባተኛ ክፍል ይከፈታል። ሳቁ ይሰማሃል። እጅህ ስልኩን ያነሳል። ቲክቶክ ይከፈትና ጭንቀቱ ይጠፋል። እፎይ። ያቺ እፎይታ የአይጧ ሽልማት ናት። የለመድከው ቪዲዮውን አይደለም፤ እፎይታውን ነው። ለዚህ ነው ቲክቶክን ብታጠፋው ፌስቡክ፣ ፌስቡክን ብታጠፋው ፍሪጅ መክፈት የምትጀምረው። ስልኩ የንባብህ ጠላት ሳይሆን የፍርሃትህ ማስታገሻ ነው።

ከዚያ እኩለ ሌሊት ይሆናል። ሞጁሉ ገጽ 3 ላይ ተከፍቶ ተቀምጧል። አንተም «አየህ፣ ድንጋይ ነኝ» ትላለህ። በዚያች ሌሊት ለእምነትህ አዲስ ማስረጃ አመረትክለት። መምህሩ የተናገረው አንድ ጊዜ ነው፤ እሱንም ከ20 ዓመት በላይ አልፎታል። ከዚያ ወዲህ በየማታው የምትደግመው አንተ ነህ። ልጅህን «እናትሽን ጠይቂ» ስትላትም እዚያው ነህ። ደብተሩ ሲርቅ ሆድህ ይረጋጋል። እምነቱ ሳይፈተን ሌላ ቀን ያድራል።

ይህን የምልህ ጥፋቱን አንተ ላይ ልጭን አይደለም። መምህሩ ጥፋተኛ ነው፤ እሱ ላይ ልዳኝህ አልችልም እንጂ ብችል ደስ ይለኝ ነበር። ግን ሰውዬውን ፈልገህ ማግኘት፣ ይቅር ማለት፣ ደብዳቤ ጽፎ ማቃጠል የሚባሉት ነገሮች የግድ አይደሉም። ብታደርጋቸው ክፋት የላቸውም። ፋብሪካው ያለው ግን ዛሬ ማታ ሶፋህ ላይ ነው።

ስለ ኮርሱ ባጭሩ ልበል። 21 ቀን የሚባለው ቁጥር ምንጩ አስቂኝ ነው። በ1960 አንድ አሜሪካዊ የፕላስቲክ ቀዶ ጥገና ሐኪም ታካሚዎቹ አዲሱን ፊታቸውን እስኪለምዱ ቢያንስ 21 ቀን ገደማ እንደሚፈጅባቸው ጻፈ። «ቢያንስ» የምትለዋ በመንገድ ላይ ወደቀች። ከአፍንጫ የተነሳ ቁጥር የልማድ ሁሉ ሕግ ሆነ። በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ 96 ሰዎችን ለ12 ሳምንት ተከታትለው ነበር። እያንዳንዱ አንድ ቀላል ነገር መረጠ፤ ከምሳ ጋር ውሃ መጠጣት፣ ከእራት በፊት መሮጥ የመሳሰለ። ልማድ እስኪሆን በአማካይ 66 ቀን ፈጀ። ልዩነቱ ግን ሰፊ ነው፤ ከ18 እስከ 254 ቀን (ከ12 ሳምንቱ ያለፈው በስሌት የተገመተ ነው)። ውሃ የሚጠጣው ቶሎ ለመደ፤ ስፖርት የመረጠው ቆየ። አንድ ቀን መዝለል ደግሞ ሥራውን አላበላሸውም። አንተ በ14ኛው ቀን ስታቆም የወደቅክ መስሎህ ነበር። የወደቀው የቀን መቁጠሪያው ነው።

መስታወቱስ? «ውሸታም መሰለኝ» ያልከው ትክክለኛ ስሜት ነው። ጆአን ዉድ የምትባል የካናዳ ሥነ ልቦና ተመራማሪ በ2009 ባሳተመችው ጥናት፣ ስለ ራሳቸው ዝቅተኛ ግምት ያላቸው ሰዎች «እኔ ተወዳጅ ሰው ነኝ» የሚለውን ሲደጋግሙ ጭራሽ ባሰባቸው። ከፍ ያለ ግምት ያላቸው ትንሽ ደስ አላቸው። ዳቦው ለጠገበ ሆነ ማለት ነው። አንጎል ከአንገት በላይ የሆነ ቃል ሲሰማ ዝም አይልም፤ ይከራከራል። «ሁሉን አልፋለሁ» ስትል ውስጥህ «38» ይልሃል። እሱ ማስረጃ አለው፤ አንተ ባዶ እጅህን ነህ።

የጆሮ ማዳመጫውን አውልቀህ ተኛ። እንቅልፍ ቀን የተማርከውን ያጸናል፤ ቀን ያልተማርከውን ግን ሌሊት አያስተምርህም። ደግሞ አንተ ሾፌር ነህ። ያላረፈ ሾፌር ሰው ይዞ እንዲነዳ አልመክርም።

ታዲያ ምን ይደረግ? አንድ ቀጭን ደብተር ግዛ። ገጹን በመሀል በመስመር ክፈለው። በግራ «ግምት»፣ በቀኝ «ውጤት» ብለህ ጻፍ። ከፈለግክ ዴቢትና ክሬዲት በለው። ከኮሌጅህ ሞዴል ፈተና ላይ አሥር ጥያቄ ውሰድ። ከመጀመርህ በፊት ስንት እንደምታገኝ በግራ ጻፍ። ድንጋዩ የሚልህን ጻፍ፤ ሁለት ካለህ ሁለት። ከዚያ ሥራቸው። አርምና በቀኝ ጻፍ። በቃ። የዚያ ቀን ሥራ አለቀ።

እንደ ሒሳብ መዝገብ ግን ሁለቱ ወገን እኩል እንዲመጣ አንፈልግም። የምንፈልገው ልዩነቱን ነው። «ሁለት» ብለህ አምስት ብታመጣ፣ ያቺ ሦስት ነጥብ ከሺህ «ጎበዝ ነኝ» ትበልጣለች። ቮልፍራም ሹልትዝ የተባለ ሳይንቲስት በዝንጀሮዎች ላይ ባደረገው ሥራ ዶፓሚን የተባለውን የአንጎል ኬሚካል የሚያመነጩት ሴሎች አብዝተው የሚተኩሱት ያልተጠበቀ ሽልማት ሲመጣ መሆኑን አሳይቷል። የጠበቁት ጭማቂ ሲመጣ ዝም ይላሉ። ከጠበቁት በላይ ሲመጣ ይነቃሉ። አንጎል ሒሳቡን የሚያስተካክለው ሲገረም ነው። ግምቱን አስቀድመህ መጻፍ ያለብህም ለዚህ ነው። ካልጻፍከው ድንጋዩ በኋላ ይዋሽሃል፤ «ጥያቄዎቹ ቀላል ስለነበሩ ነው» ይልሃል። የ45ቱን ጭማሪ እንዳላየኸው ሁሉ ይህንንም እንዳታይ ያደርግሃል።

ይህ የእኔ ፈጠራ አይደለም። አሮን ቤክ የተባለ የፊላደልፊያ ሐኪም በ1960ዎቹ በድብርት የተያዙ ታካሚዎቹን ሲያዳምጥ በአእምሯቸው ሳይጠሩት የሚመጣ ፈጣን ሐሳብ እንዳለ አስተዋለ። ሐሳቡን «ተው» ከማለት ይልቅ እንደ ግምት ይዘው በተግባር እንዲፈትኑት አደረገ። ዛሬ ኮግኒቲቭ ቢሄቪየራል ቴራፒ የሚባለው ሕክምና አንዱ ሥሩ ይህ ነው።

ጥያቄ መሥራትን የመረጥኩት ሌላም ጥቅም ስላለው ነው። አንድን ገጽ አምስት ጊዜ ማንበብ ያወቅን ያስመስለናል። ሳምንት ሲያልፍ የሚቀረው ግን ራሱን እየጠየቀ ላነበበ ሰው ነው። ይህ በተደጋጋሚ ጥናት የታየ ነገር ነው። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ የሚባለው ማስመሪያ ይዞ ሞጁል በቢጫ ቀለም መቀባት ነው።

የት ትሠራዋለህ? ሶፋው ላይ አይሆንም። ሶፋው የቲክቶክ ነው። እዚያ ስትቀመጥ እጅህ አይጠይቅህም፤ ማብሪያውን ይጫናል። በቬትናም ጦርነት ጊዜ ሄሮይን ስለጀመሩ የአሜሪካ ወታደሮች ሊ ሮቢንስ የተባለች ተመራማሪ ያጠናችው አለ። ከአምስት ወታደር አንዱ ያህል እዚያ ሳለ ሱስ ይዞት እንደነበር ተናገረ። አገራቸው በተመለሱ በመጀመሪያው ዓመት ወደ ሱሱ ተመልሶ የገባው ከእነዚህ ውስጥ 5 ከመቶ ገደማ ብቻ ነበር። ምክንያቱ ብዙ ነው። አንዱ ግን ቦታው፣ ሰዉና ውሎው ሁሉ መቀየሩ ነው። አንተ ቬትናም መሄድ አያስፈልግህም። መኪና አለህ።

መኪናህ ውስጥ አንተ ድንጋይ አይደለህም። እዚያ ወንበር ላይ ሰው በዝናብ፣ በመንገድ መዘጋጋት፣ በአዲስ ቅያስ አድርሰሃል። ስለዚህ ይህን ዓረፍተ ነገር በደብተሩ ሽፋን ላይ ጻፍ፦ «ማታ ጥበቃው ጋ አቁሜ ሞተሩን ሳጠፋ፣ ስልኩን ከኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ አስቀምጬ አሥር ጥያቄ እሠራለሁ»። «ይህ ሲሆን ይህን አደርጋለሁ» ብሎ ቦታና ሰዓት ቆርጦ መወሰን «ጠንክሬ አጠናለሁ» ከማለት እጅግ እንደሚሻል ፒተር ጎልቪትሰር የተባለ የሥነ ልቦና ባለሙያ ለዓመታት አጥንቶታል። ሞተር ማጥፋት በየቀኑ የምታደርገው ነገር ነው። ልማዱን በእሱ ላይ ስቀለው። ስልኩን ከፊትህ ደፍተህ ማስቀመጥ አይበቃም። ከኋላ ይሂድ። ወርደህ፣ ዞረህ፣ ከፍተህ እስክታወጣው ድረስ ነቅተሃል።

አሥር ጥያቄ፣ 15 ደቂቃ። ከዚያ ቤትህ ግባ። ከፈለግክ ቲክቶክህን እይ፣ ምንም አልልህም። መጀመሪያ ላይ «ይሄ ምን ያደርጋል፣ ፈተናው ሰፊ ነው» ትል ይሆናል። ልክ ነህ፣ 15 ደቂቃ ለፈተናው አይበቃም። የመጀመሪያው ወር ለፈተናው አይደለም፤ ለድንጋዩ ነው። ጥቂት ገጽ ልዩነት ሲጠራቀም 15ቱ ራሱ 30 መሆን ይፈልጋል። ያኔ ቅዳሜ ጠዋት ላይ ረጅም ሰዓት ጨምር። ፈተናው በኮምፒውተር ስለሆነ ሲቃረብ ሰዓት ይዘህ ስክሪን ላይ ተለማመድ። ሰባተኛ ክፍል የሚከፈተው ሰዓት ሲያጣድፍ ነውና፣ ሲከፈት አዲስ እንዳይሆንብህ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ኮርስ የሚሸጡ ሰዎች አይነግሩህምና። አንዳንዱ «አልችልም» ፍርሃት ሳይሆን ሐቅ ነው። ሰባተኛ ክፍል ከሒሳብ ስትሸሽ ያለፈህ ነገር አለ። ምናልባት ክፍልፋይ፣ ምናልባት ፐርሰንት ነው። እሱን ያላወቀ ሰው ኮስት አካውንቲንግ ላይ ቢደናቀፍ አይገርምም። ስለዚህ ስህተት በሠራህ ቁጥር በደብተሩ ግርጌ አንዷን ምረጥ፦ «ፈራሁ» ወይም «አላውቀውም»። ለመጀመሪያው ደብተሩ ራሱ ይበቃል። ለሁለተኛው የስምንተኛ ክፍል መጽሐፍ ገዝተህ ተቀመጥ። አያሳፍርም። ማንም አያይህም፤ መኪና ውስጥ ነህ። ስታነብ ራስህን የሚያምህ ወይም ፊደሉ የሚደበዝዝብህ ከሆነም መጀመሪያ ዓይንህን አስመርመር።

የምትወድቅበት ማታ ይመጣል። ተሳፋሪ ያበሳጨሃል፣ ጎማ ይፈነዳል፣ ልጅ ታመመች ትባላለህ። ሲደክምህ እጅህ ወደ አሮጌው መንገድ ይሄዳል። የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ። ከግሬይቢል አይጦች ጋር አንድ ናችሁ፤ ልማዱ አድፍጦ ነበር፣ ብቅ አለ። በማግስቱ ሞተሩን ስታጠፋ ደብተሩን ክፈት። የዘለልከውን ቀን ለማካካስ ሃያ ጥያቄ አትሥራ፤ አሥር ነው። ሃያ ካደረግከው ቅጣት ይሆናል፣ ቅጣት ደግሞ ሰባተኛ ክፍልን ይከፍተዋል።

ነገሩ ከፈተና በላይ ከሆነ፣ ማለትም ለሳምንታት እንቅልፍ ካጣህ፣ ምንም ነገር ደስ ካላለህ፣ መኖር ካስጠላህ፣ ይህ በደብተር የሚያልቅ አይደለም። ለሐኪም ንገር። አማኑኤል አለ፣ ሌሎች ሆስፒታሎችም የአእምሮ ሕክምና ክፍል አላቸው። ከደብዳቤህ ያየሁት እንዲያ አይመስልም፤ ግን አንተን የማውቅህ በአንድ ገጽ ነው።

3,500 ብሩን ለማስመለስ አትድከም። በደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ወጪ ብለህ መዝግበውና ዝጋው።

ልጅህ ዛሬ ወይ ነገ ደብተሯን ይዛ ትመጣለች። ሦስተኛ ክፍል ማባዛትና ማካፈል ነው። አንተ በየቀኑ ለተሳፋሪ የብር መልስ የምትቆጥር ሰው ነህ። «እናትሽን ጠይቂ» አፍህ ላይ ሲመጣ እጅህ ባዶ ግድግዳ እየዳበሰ እንደሆነ እወቅ። ጥያቄውን ከማየትህ በፊት ስንቱን እንደምትሠራ በልብህ ገምት። ከዚያ አጠገብህ አስቀምጣት። ያልገባህ ካለ «ቆይ፣ አብረን እንየው» በላት።